የሊቀ ጠርጣራኑ ውኃ

በየሰፈሩ አንድ ጠርጣሪ አለ። እድር ያለ ዳኛ፣ ሠርግ ያለ ሚዜ እንደማይሞላ ሁሉ ሰፈርም ያለ ጠርጣሪ አይሞላም። ሌላው ሰው እራቱን በልቶ ሲተኛ እሱ ሁላችንን ወክሎ ይጠረጥራል። በሩ ለምን ተከፈተ? ውሻው ለምን ዝም አለ? ያ ሰውዬ ለምን ሁለት ጊዜ ሰላም አለን? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ሌላው ሰው ይተርተዋል፤ ጠርጣሪ ግን ይኖርበታል።

ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ውስጥ ሔራን ቤት የተከራየችበት ግቢ በዚህ በኩል የታደለ ነበር። ጠርጣሪው የግቢው ባለቤት ራሳቸው ናቸው። ሔራን ከአዳማ መጥታ ኮሌጅ ውስጥ ኬሚስትሪ የምታስተምር፣ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር የምትሮጥ፣ በከተማው ውስጥ አንድም ዘመድ የሌላት ልጅ ናት። ቤቱን ልትከራይ የመጣች ዕለት ባለቤቱ አቶ መርስዔ ኀዘን በር ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

«ከአዳማ እስከዚህ ድረስ ለማስተማር ብቻ መጣሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እዚያ የሚማር ልጅ ጠፍቶ?»

ሔራን አፏን ከመክፈቷ በፊት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ከውስጥ ወጡና «ተዋት አንተ ሰው! ግቢ የኔ ልጅ፣ እሱ ለእኔም ከተጋባን ወዲህ ገና ፈቃድ አልሰጠኝም» ብለው እጇን ይዘው አስገቧት።

ጋሼ መርስዔ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ብርሃን ላይ ዘርግተው ቀዳዳ ሲፈልጉ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ጨርቁ እዚያው ቀረና መፈለጉ አብሯቸው ወጣ። አንድ ሳምንት ሙሉ መብራት ካልጠፋ «ያለ ነገር አይደለም» ይላሉ። ዓሣ ከረከሰ ያለ ነገር አይደለም። ዶሮዋ ሁለት አስኳል ያለው እንቁላል ስትጥል እትዬ ሰብለ እልል ሊሉ ሲቃጣቸው እሳቸው እንቁላሉን አገላብጠው አዩና «ማን አዘዛት?» አሉ። ጎረቤታቸው መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ይህን ሁሉ ሲያዩ ኖረው አንድ ቀን በእድር ስብሰባ ላይ ተነሡና «ሊቀ ሊቃውንት አለ፣ ሊቀ ጠበብት አለ፤ የእኛ ሰፈር ደግሞ በእግዚአብሔር ቸርነት ሊቀ ጠርጣራን አለው» ብለው ሾሟቸው። ሹመቱ ጸደቀ። ጋሼ መርስዔ ማን እንደደገፈና ማን እንዳጨበጨበ ልብ ብለው አዩ።

እኒህን ሰው ከሩጫ ጋር ያገናኛቸው የኩላሊት ጠጠር ነው። ሐኪሙ «ብዙ ውኃ ይጠጡ፣ ሰውነትዎንም ያንቀሳቅሱ» አላቸው። አላመኑትም። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ያው። ሦስተኛው ዘንድ ሄዱ፤ ያው። «ሦስት ሐኪም እንዴት አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል? ተነጋግረዋል» ብለው ተመለሱ። ሕመሙን ግን ሊጠረጥሩት አልቻሉም። ሲነሣባቸው ግድግዳ ያስቧጥጣቸዋል፤ እትዬ ሰብለ የሚይዙት የሚጨብጡት ይጠፋቸዋል። እንዲህ ካለ ሌሊት በኋላ ነው አንድ ማለዳ ቱታ ለብሰው የሔራንን በር ያንኳኩት።

«ስትሮጪ ውኃ በምን ትይዣለሽ?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው።

«አልይዝም ጋሼ። ስመለስ እጠጣለሁ።»

ጋሼ መርስዔ ትኩር ብለው አዩዋት። ውኃ ሳይዝ የሚሮጥ ሰው ስውር ምንጭ አለው ብለው እንዳሰቡ ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

ለእሳቸው ግን ነገሩ ቀላል አልነበረም። መንገድ ላይ ገዝተው እንዳይጠጡ፣ የታሸገው ላይ «የምንጭ ውኃ» ተብሎ ተጽፏል። «ምንጩን ያየ ሰው አለ?» የቧንቧውን እንዳይጠጡ፣ ቱቦው በየት በየት እንደሚያልፍ አይታወቅም። ሐይቁ እንደሆነ ጉማሬ ይታጠብበታል። የሚያምኑት ውኃ አንድ ብቻ ነው፤ እትዬ ሰብለ በእሳቸው ፊት አፍልተው፣ በእሳቸው ፊት አጥልለው፣ በእሳቸው ፊት የሚቀዱት። እንግዲህ ይህን ውኃ ተሸክሞ መሮጥ ግድ ሆነ።

መጀመሪያ በእጅ ተሞከረ። ትልቅ ሃይላንድ ሞልተው በቀኝ እጃቸው ጨበጡና ወጡ። ጊዮርጊስ ሳይደርሱ ቀኝ ትከሻቸው ወርዶ፣ ጭነቱ እንዳጋደለ አህያ ወደ አንድ ወገን አዘነበሉ። በማግሥቱ «ሚዛን ነው የጎደለው» ብለው በሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ተኩት፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ሚዛኑ ተስተካከለ፤ ነገር ግን የሐይቁ ዳር ትንኝ ፊታቸው ላይ ሲሰፍር የሚያባርሩበት እጅ ጠፋ። በዚያ ላይ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኟቸውና እጃቸውን ዘረጉ። ጋሼ ክርናቸውን ሰጡ።

«ክርን ነው እንግዲህ የሚደርሰኝ?» አሉ መሪጌታ።

«መሪጌታ፣ እጄ ሥራ ይዟል።»

«ጽዋ እንኳ እንዲህ ጠብቀው ሲይዙ አላየሁም» ብለው መሪጌታ ክርኑን ጨብጠው አለፉ።

ቀጥሎ ኪስ ተሞከረ። የቱታው ላስቲክ ሰው እንጂ ውኃ እንዲሸከም አልተሠራም ኖሮ፣ ጋሼ ያን ዕለት ዘንባባዎቹ ሥር የሮጡት በአንድ እጃቸው ሱሪያቸውን ይዘው ነው። ሔራን ከፊት ሆና ላለመሳቅ ከንፈሯን ስትነክስ ዋለች። ከዚያ እትዬ ሰብለ ከአቡጀዲ የወገብ መታጠቂያ ሰፉላቸው። ጠርሙሱ በየእርምጃው ዳሌያቸውን እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር፤ ሲሮጡ ላያቸው ማኅሌት የቆሙ ይመስላሉ። ወረድ ብሎ ደግሞ መታጠቂያው እየዞረ ጠርሙሱ ሆዳቸው ላይ መጣ፤ ከወዲያ የምትመጣ አንዲት ሴትዮ የሆዳቸውን ቅርጽ አይታ አማተበች።

የመጨረሻው የተማሪ ቦርሳ ነው። ውኃው ጀርባቸው ላይ ሆኖ «ቧጭ ቧጭ» ይላል። ብዙም ሳይሮጡ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሰው እየተከተለን ነው።»

«ማን?»

«አትዙሪ። ፍጥነትሽን ቀይሪ።»

ፈጠን አሉ፤ ድምፁም ፈጠነ። ቀስ አሉ፤ ቀስ አለ። ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ድምፁም ቆመ።

«አየሽ?» አሉ ጋሼ፣ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ፤ «ስንቆም ቆመ።»

«ጋሼ፣ ውኃው ነው።»

«የትኛው ውኃ?»

«ጀርባዎ ላይ ያለው።»

ጋሼ መርስዔ ለአፍታ አሰቡ። ጠርጣሪ ሰው ማስረጃ ሲቀርብለት አይረታም፤ ምርመራውን ያሰፋል።

«እሱስ ቢሆን ለምን ይከተለኛል?» አሉ።

ሔራን ያን ዕለት ሣር ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እሳቸውም ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ባሕር ዳር ከመጣች ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም ነበር፤ ለዚህ ነው ነገሩ ልቧ ውስጥ የቀረው። ስልኳ ላይ ስትፈልግ የሯጮች ሰደርያ አገኘች። ደረት ላይ በቀኝና በግራ ኪስ አለው፤ በየኪሱ እንደ ፊኛ የሚለጠጥ ለስላሳ የውኃ መያዣ ይገባል። የሥራ ባልደረባዋ ሀኒ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እንዲያመጣላት አደረገች። ሔራንም በስስ ወረቀት ጠቅልላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ ሰጠቻቸው።

ጋሼ ወረቀቱን ፈቱ። ሰደርያውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩ። ስፌቱን ጎተቱ። መያዣውን ከፍተው አሸተቱ።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አሉ።

ሔራን ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

«ምንም ጋሼ። ለሩጫው ይመችዎታል ብዬ ነው።»

«ሰው ምንም ሳይፈልግ ዕቃ አይሰጥም። ይኼ ደግሞ ይሸታል። አንቺ የኬሚስትሪ ሰው ነሽ፤ ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

የሔራን ፊት ሲለወጥ እትዬ ሰብለ ከመስኮቱ አዩ። «መርስዔ!» ብለው ጮኹ፤ ግን ረፍዶ ነበር። ልጅቷ «እሺ ጋሼ፣ ይቅርብዎት» ብላ ሰደርያውን ወንበሩ ላይ ትታ ወደ ክፍሏ ገባች። በማግሥቱ በሩ ሲንኳኳ አልከፈተችም። ከዚያ ወዲያ ብቻዋን መሮጥ ጀመረች፤ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ፣ እንደ ድሮዋ ባዶ እጇን።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ነበር። አልቆመም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ሔራን ማለዳ ገና ከአልጋዋ ስትነሣ በመስኮቷ ጋሼን አየቻቸው። ኬሻ በብብታቸው ይዘው፣ በሩን እንዳይጮህ ቀስ አድርገው ከፍተው ወጡ። እሷ ከግቢ ስትወጣ ባዶ ኬሻ አጣጥፈው ሲመለሱ አገኘቻቸው። «እንደምን አደርሽ» አሉ፤ ምን ይዘው እንደሄዱ አልተናገሩም። ሌላ ቀን ሐይቁ ዳር ስትሮጥ ጀርባዋን ቅፍፍ አላትና ዞር አለች። ጋሼ መርስዔ ሩቅ ቆመው ታንኳዎቹን በጥሞና እየተመለከቱ ነው። ስትሮጥ ሮጡ። ስትዞር አጎንብሰው የጫማቸውን ክር አሰሩ። መንገድ ቀየረች፤ በአዲሱም መንገድ ላይ አንድ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጨረታ ማስታወቂያ ሲያነቡ አገኘቻቸው። ማስታወቂያው ዝናብ አጥቦት ነጭ ሆኗል።

ከሁሉ የባሰው የዋርካው ነገር ነው። ሁልጊዜ ትንፋሿ የሚያጥራት አንድ ዋርካ አጠገብ ስትደርስ ነው፤ እዚያ ቀስ ትላለች። አንድ ቀን ቆማ እግሯን ስታፍታታ በሥሩ መካከል ድንጋይ ተደርድሮ አየች። ድንጋዩን ገፋ ስታደርገው የተሞላ ጠርሙስ አለ፤ ክዳኑ ላይ ቀይ ክር ተቋጥሮበታል። መለሰችው። ቀጥላ ሁለተኛ የምታርፍበት፣ የሐይቁ ዳር ደንገል ከመንገዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሄዳ ፈለገች። እዚያም ሌላ ጠርሙስ፣ ሌላ ቀይ ክር። የት የት እንደምታርፍ ያጠና ሰው አለ ማለት ነው። ማለዳው ብርድ ሆነባት።

ለሀኒ ነገረቻት።

«ሔርዬ፣ ይኼ ነገር ደስ አይልም» አለች ሀኒ። «ሰውዬው እየተከታተለሽ ነው።»

«ትልቅ ሰው ናቸው እኮ።»

«ትልቅ ሰው ምናምን አትበይኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር! ሌላ ቤት እንፈልግልሽ። እሑድ ከሰዓት አንድ የማውቀው ቤት አለ፣ ሄደን እናየዋለን።»

ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ከገባ ሁሉን ሳያዳርስ አይወጣም። ሔራን ማታ ማታ በሯ ላይ ወንበር መደገፍ ጀመረች። እትዬ ሰብለ ትኩስ ዳቦ ሲልኩላት ወደ አፏ ከማድረሷ በፊት አሸተተችው። አንድ ቀን ጋሼ ከወትሮው ሞቅ አድርገው ሰላም ሲሏት «ያለ ነገር አይደለም» አለች በልቧ፤ የማንን ቃል እንደተናገረች ሲገባት ደነገጠች።

እሑድ ባልና ሚስቱ ቅዳሴ ሄዱ። ሔራን ዛሬ እንኳ ማንም ሳያያት ልትሮጥ ቆረጠች። ሄዳበት የማታውቀውን መንገድ መረጠች፤ የዓባይን ድልድይ ተሻግራ ወደ ቤዛዊት ዳገት። ስትወጣ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበር። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ባሕር ዳርን የሚያውቅ የሚያዝያን ፀሐይ ያውቃል። ዳገቱን በንዴት ወጣችው። ከላይ ሆና ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲሄድ አየች፤ ያን ሁሉ ውኃ ቁልቁል እያዩ መጠማት ምን እንደሚመስልም አየች። ስትመለስ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቋል፤ መንገዱ ከእግሯ ሥር ይዋዥቃል።

ከመንገዱ ዳር ማንጎ የሚሸጡ ሴት አዩዋት። «አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል? ነይ ውኃ ጠጪ» ብለው በጣሳ ቀድተው ዘረጉላት።

ሔራን ጣሳውን አየች። «ማን ቀዳው?» የሚል ቃል ከአፏ ወጣ።

«እኔ ነኛ! ዓይንሽ እያየ!» አሉ ሴትዮዋ ተቆጥተው።

ሔራን ይቅርታ መጠየቅ ፈለገች፤ አፏ ደርቆ ቃሉ አልመጣም። አፍራ መንገዷን ቀጠለች። ጥቂት እንደሄደች ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠች፤ መቀመጥ እንኳ አይባልም፣ ወደቀች። ስልኳን አወጣች፤ ፊደሎቹ ይደበላለቁባታል። ማን ጋ እንደምትደውል አሰበች። ሀኒ ቤተ ክርስቲያን ናት። እናቷ አዳማ ናት። እዚህ ከተማ ውስጥ የቀረ ሰው የለም። ያን ጊዜ ፈራች።

ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ቀና ስትል ከድልድዩ በኩል ነጭ የለበሰ ሰው እየሮጠ ሲመጣ አየች። ሩጫው ሩጫ ሳይሆን የሚጣደፍ እርምጃ ነው። የቅዳሴ ነጭ ሱሪና ነጭ እጀ ጠባብ፤ ነጠላውን ወገቡ ላይ ታጥቋል። ከእጀ ጠባቡ በላይ ደረቱ ላይ የሯጭ ሰደርያ አለ።

ጋሼ መርስዔ ደርሰው ተንበረከኩ። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።

«ጫማሽ ከበርሽ የለም። ባለ ሱቁ ልጅ ወደ ዓባይ ወረደች አለኝ። እስከ ድልድዩ በባጃጅ መጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ በእግሬ። በዚህ ፀሐይ! ውኃ ሳትይዢ!»

ከደረታቸው ላይ መያዣውን አውጥተው ዘረጉላት። ሔራን እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ እጇ መንገድ ላይ ቆመ። ዋርካው፣ ቀይ ክሩ፣ ኬሻው በዓይኗ ሄዱ። ጋሼ እጇ ሲቆም አዩ። ቢቀየሙ አይፈረድባቸውም ነበር፤ አልተቀየሙም። እንዲያውም ሌላ ሰው የማይገባው ነገር ለእሳቸው ወዲያው ገባቸው። መያዣውን ወደ ራሳቸው መለሱ፤ ለንጉሥ ቀምሶ እንደሚሰጥ የግብር ቤት አሳላፊ በመዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉና፣ እያየቻቸው ጠጡ።

«ቀምሻለሁ» አሉ። «አሁን ጠጪ።»

ሔራን ጠጣች። ውኃው ለብ ያለ፣ የእትዬ ሰብለ ማጥለያ ጨርቅ የሚሸት ውኃ ነው። አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ስትጀምር «ቀስ በይ፣ ቀስ በይ» እያሉ ራሷን በነጠላቸው ጫፍ ከፀሐይ ከለሉላት።

ቃል መናገር ስትችል «ለምን ይከተሉኛል?» አለች።

ጋሼ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሰው መጠየቅ እንጂ በሰው መጠየቅን አልለመዱም።

«አንድ ባለ ሞተር ሲከተልሽ አላየሽውም» አሉ። «ጆሮሽ ላይ ያን ነገር ሰክተሽ ትሮጫለሽ። አንድ ሰሞን በየማለዳው አጠገብሽ ሲደርስ ቀስ ይል ነበር። እኔን ከኋላ ሲያይ ጊዜ ተወው።»

«ጠርሙሶቹስ?»

«ያንቺ ናቸው። ጠጠሩ ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ አላየሽም። እኔም ጉልበት ሳለኝ ሙቀት ውስጥ ውኃ ሳልቀምስ ስውል ማንም ምንም አላለኝም። ክሩን ያሰርሁት ሰው መተት መስሎት እንዳይነካው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?»

«መንገድ ላይ ውኃ ደብቄልሻለሁ ብልሽ ትጠጪው ነበር?»

ሔራን አሰበች። «አልጠጣውም።»

«አየሽ። እኔም ብሆን አልጠጣውም።»

በመንገዱ ላይ አንድ አይሱዙ አቧራ እያስነሣ አለፈ፤ ጋሼ ታርጋውን በዓይናቸው ሸኙት።

«ሰደርያውስ?» አለች ሔራን። «ይሸታል ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ይሸት ነበር። ደጋግሜ አጠብሁት፣ ፀሐይ ላይ ሰቀልሁት፤ ለቀቀ።» ቀጥሎ ያለውን ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ ድልድዩ አዞሩ። «ጠረጠርሁሽ፤ ልዋሽሽ አልችልም። ሰብለ ስንት ቀን አኮረፈችኝ። ኋላ ስትናገር ‹ይህች ልጅ አገር የላት፣ ዘመድ የላት፤ ካንተ ምን ትፈልጋለች? ኩላሊትህን?› አለችኝ። ያኔ ነው ሰደርያውን አንሥቼ ያጠብሁት።»

ሔራን ሳቋ መጣ፤ ራሷን እያመማት ሳቀች። ጋሼም መሳቋን ሲያዩ ደፈሩና ሰደርያውን ያሳዩዋት ጀመር። ትከሻው ይፍቅ ስለነበር ከውስጥ አቡጀዲ ገጥመውበታል፤ ስፌቱ የራሳቸው ነው፣ ከፋብሪካው ይሻላል። መያዣዎቹንም ሞልተው ከመክደናቸው በፊት ጨመቅ አድርገው ነፋሱን ያወጡታል።

«ውኃ ብቻውን አይጮህም» አሉ። «ከነፋስ ጋር ሲገጥም ነው የሚንቦጫቦጭ። ነፋሱ ከወጣ ደረትሽ ላይ ተለጥፎ ዝም ይላል። ሲወዛወዝ ነው እንጂ ሲጠጋሽ አይከብድም። ከድልድዩ እስከዚህ ስሮጥ መያዜንም ረሳሁት።»

«ተመቸዎት ማለት ነው?»

ጋሼ መርስዔ ይህን በቀላሉ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ሰደርያውን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። «እስካሁን ምንም አላገኘሁበትም» አሉ።

ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የሰማ ሰው ፋሲሎ ውስጥ የለም።

ሲነሡ የማንጎ ሻጯን በዚያው አለፉ። ሔራን ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሴትዮዋም «እኔስ ያዞረሽ መስሎኝ ነው፣ ተይው» ብለው ጣሳውን እንደገና ሞሉላት። ሔራን ማንንም ሳትጠይቅ ተቀብላ ጨለጠችው። ጋሼ አጠገቧ ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ማየት አልቻሉም።

ባጃጅ አቁመው ገቡ። ሔራን ራሷን ወደ ኋላ ደገፍ እንዳደረገች ስልኳ ጠራ። ሀኒ ናት፤ ቤቱን የምታሳያቸው ሴትዮ ዛሬ ቀደም ብላ እንደምትመጣ ልትነግራት ነው የደወለችው። ሔራን «ተይው፣ ሀኒዬ፤ ይቅር» ብላ ዘጋች። ጋሼ ማን እንደደወለና ምን እንደቀረ አለመጠየቃቸው ፊታቸውን አስጨንቆት ነበር።

ባለ ባጃጁ ወጣት ልጅ ነው። በመስታወቱ ሁለቱን አየት አደረገ፤ በቅዳሴ ልብስ ላይ የሯጭ ሰደርያ የለበሰ ሽማግሌና በላብ የተጠመቀች ሴት ልጅ።

«አባትሽ ናቸው?» አላት።

ጋሼ መርስዔ ከመቀመጫቸው ቀና አሉ። የማያውቁት ሰው፣ የማያገባው ጥያቄ፣ ያውም በመስታወት! አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ሔራን ቀደመቻቸው።

«አዎ» አለች። «አባቴ ናቸው።»

ከዚያ ጠበቀች። ለምን እንዲያ አልሽ፣ ምን አስበሽ ነው፣ ማን ንገሪው አለሽ እስኪሏት ጠበቀች። ባጃጁ ድልድዩን ወጣ፤ ዓባይ ከሥራቸው እያብለጨለጨ አለፈ። ጋሼ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈቱና ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። ድልድዩን ጨርሰው ወደ ከተማው ሲታጠፉ ጎንበስ ብለው የባለ ባጃጁን ትከሻ ነካ አደረጉት።

«ቀስ እያልህ ንዳ» አሉት፤ «ልጄ ደክሟታል።»